በክንፍ ሥር ይሉኝታ የለም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ በአውሮፕላን ጥገና የምንሠራ ልጆቻችሁ ነን። ስለ ሥራችሁ ንገሩን ስላላችሁን፣ ዛሬ ስለ አንድ ዕቃ ብቻ እናወራለን፤ ስለ ፍላፕ።

በመስኮት በኩል ተቀምጣችሁ ከሆነ አይታችሁታል። አውሮፕላኑ ሊነሣ ወይ ሊያርፍ ሲል ከክንፉ ኋላ እየተንሸራተተ ወጥቶ ወደ ታች የሚታጠፈው ነው። ክንፉን ያሰፋዋል፣ ያጎብጠዋል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ሲበርም ክንፉ ይሸከመዋል። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ ወንበራቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች ጢም ብለው ሞልተው ነበር። እነዚያም ክንፎች የጥገና ሰው እጅ ያለፈባቸው ናቸው።

ፍላፕ በየበረራው ይወጣል፣ ይገባል፤ ስለዚህ ያልቃል። ስንመረምረው መጀመሪያ አብራሪው ክፍል ውስጥ ያለውን ማንሻ ማንም እንዳይነካው ማስጠንቀቂያ እናንጠለጥላለን፣ የሃይድሮሊኩን ግፊት እንዘጋለን፤ አለዚያ እጅ ይቆርጣል። ከዚያ በባትሪና በመስታወት ሐዲዱን፣ ሮለሮቹን፣ ጠመዝማዛውን ዘንግና ብሎኖቹን እናያለን። ስንጥቅ አለው? ዝጓል? ሲነቀነቅ ይላወሳል? መላወሱን ለክተን ከጥገናው መጽሐፍ ጋር እናስተያያለን። ወሰኑን ካላለፈ ጠርገን፣ ግራሶ ሰጥተን እንመልሰዋለን። ካለፈ ይቀየራል። በራሳችን ግምት “አንድ ሳምንት ይቆይ” አንልም። ልባሱ ትንሽ ቢጎዳ መጽሐፉ በሚፈቅደው ልክ ይጠገናል፤ ሸክም የያዘ ብሎን ቢሰነጠቅ ግን ይጣላል። በመጨረሻ ፍላፑን እስከ ጫፍ አስወጥተን እናስገባዋለን። ግራና ቀኙ እኩል መሄድ አለበት፤ አንዱ ቢቀድም አውሮፕላኑን ያጋድለዋል። የሠራው ይፈርማል፤ ከባድ በሆነው ሥራ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው መጥቶ እንደገና ያያል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ኦገስት 20 ቀን 2007 አንድ የታይዋን ቦይንግ 737 ጃፓን፣ ኦኪናዋ ላይ አረፈ። በክንፉ ፊት በኩል ባለው ስላት፣ የፍላፑ ወንድም በሉት፣ የአንዱ ብሎን ሮንዴላ ቀደም ሲል በተደረገ ጥገና ጊዜ ወድቆ ኖሯል። ማንም አላየውም። ብሎኑ ከቦታው ወጣ፤ ስላቱ ሲገባ ገፋውና የነዳጁን ታንክ በሳው። አውሮፕላኑ ከቆመ በኋላ ጋየ። ደግነቱ 165ቱም ሰዎች ወርደው ተረፉ።

ወጣቶች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። እኛ ታላቅን አክብሩ ተብለን ነው ያደግነው፤ ደግ ነገር ነው። ግን ሁለተኛው ተመልካች የ20 ዓመት ልጅ፣ የሠራው ደግሞ የ50 ዓመት ባለሙያ ቢሆንስ? ልጁ “ጋሼ፣ ሮንዴላው የለም” ማለት አለበት። ይሉኝታ ይዞት ዝም ካለ፣ አከበረ አይባልም። ጋሼውም “ተባረክ ልጄ” ብሎ እንደገና መፍታት አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ “ቴክኒሻን እሆናለሁ” ሲላችሁ፣ “እጅህን በግራሶ ልታቆሽሽ?” አትበሉት። ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን በርታ በሉት፤ መጽሐፉ የሚነበበው በዚያ ነውና። ቤት ውስጥም “አባዬ፣ ይኼ ልክ አይደለም” ሲላችሁ በትዕግሥት ስሙት። ክንፍ ሥር የሚናገረው አንደበት እናንተ ቤት ነው የሚለማመደው።