ስለ መኪና መብራት የተነገረ ቃል

ሰው በሌሊት መብራት የሚይዘው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ መንገዱን ሊያይና ለሌላው ሊታይ። የመኪናም መብራት እንዲሁ ነው። በብዙ መኪና የማብሪያው ፊተኛ ደረጃ ትንንሾቹን የፊት መብራቶችና የኋላውን ቀይ መብራት ያበራል፤ ሁለተኛው ደረጃ ትልልቆቹን የፊት መብራቶች ይጨምራል። በነጂው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ሰማያዊ ምልክት ከታየ ረጅሙ ብርሃን በርቷልና፥ ከፊት ሌላ መኪና ሲመጣ የመጪውን ዓይን እንዳያጨልም ወደ አጭሩ መመለስ ይገባል።

ነገር ግን በዛሬዎቹ አያሌ መኪናዎች የውጭው መብራት ሳይበራ ሰሌዳው ይበራል። በዚህ የተታለለ ነጂ ኋላው ጨለማ ሳለ ይሄዳል፤ ከኋላ የሚከተለውም ሳያየው ይደርስበታል። ስለዚህ አስተዋይ ነጂ ሰሌዳውን ብቻ አያምንም፤ መንገድ ሳይጀምር ማብሪያውን ይመረምራል፥ ወርዶም የኋላውን መብራት ያያል። ለራሱ የበራለት ሰው ሁሉ ለባልንጀራው አበራ ማለት አይደለምና።