ማዘመኛው በየት በኩል ይመጣል?

ኮምፒውተራችን ላይ የጫንናቸው ፕሮግራሞች «አዲስ ስሪት ወጥቷል፣ ልጫን?» ይሉናል፤ እኛም እሺ እንላለን። ዛሬ የማወድሰው ሙያ ያ አዲስ ስሪት በየትኛው መስመር እንደሚመጣ መፈተሽ ነው። ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ሊለምደው ይችላል።

በፈረንጆች 2016 መጀመሪያ ላይ የሆነውን ላንሣ። ስፓርክል የሚባል ለማክ ኮምፒውተሮች የተሠራ ነፃ ማዘመኛ አለ፤ ፕሮግራም ሠሪዎች የራሳቸውን ከመጻፍ ይልቅ እሱን ያስገባሉ። ቪኤልሲም፣ ዩቶረንትም፣ ካምታሲያም አስገብተውት ነበር። አንድ የደኅንነት ተመራማሪ ሲፈትሽ፣ ብዙ ፕሮግራሞች የአዲስ ስሪት ማስታወቂያ የሚቀበሉት ባልተመሰጠረ መስመር፣ ማለትም በኤችቲቲፒ ሆኖ አገኘው።

ሠሪዎቹ ጥንቃቄ አልጎደላቸውም ነበር። የሚወርደው ፋይል ዲጂታል ፊርማ አለው፤ ቢነካካ ይታወቃል። ፊርማው ያልሸፈነው «በዚህ ስሪት ይህ ተሻሽሏል» የሚለውን መግለጫ ነው። መግለጫው እንደ ድረ ገጽ ስለሚከፈት፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ክፉ ሰው በራሱ ጽሑፍ ተክቶት ኮምፒውተሩ ላይ የፈለገውን ሊያስነሣ ይችል ነበር። ዕቃውን አሽጎ ደብዳቤውን ክፍት እንደመላክ ነው።

ስፓርክል በ1.13.1 ስሪቱ ተስተካከለ። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን የስፓርክል ቅጂ ይዞ ነው የሚኖረው፤ ሠሪው አዲሱን አስገብቶ እንደገና እስኪያወጣው ድረስ አሮጌው ከእኛ ጋር ይቆያል። ተጠቃሚው ራሱ መፈተሽን ቢያውቅ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማክ ላይ ቀላል ነው። የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ውስጡን ክፈቱ፤ «ፍሬምወርክስ» በሚለው ማህደር ስፓርክል ካለ የስሪት ቁጥሩን አንብቡ። ከዚያ «ኢንፎ» በሚለው ፋይል ውስጥ የማዘመኛውን አድራሻ ፈልጉ፤ በኤችቲቲፒ ይጀምራል ወይስ በተመሰጠረው በኤችቲቲፒኤስ? ዊንዶውስ ላይ ግን አድራሻው ብዙ ጊዜ በግልጽ ተጽፎ አይገኝም። ዋየርሻርክ የተባለውን የመስመር መመልከቻ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ፕሮግራሙ አዲስ ስሪት እንዲፈልግ አዝዞ፣ በመስመሩ የሚያልፈውን መመልከት ይጠይቃል። ይህን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አድርጉት።

ነገሩ ከእኛ ሰዎች የራቀ አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በዲሴምበር 2017 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የኢሜይል ወጥመድ ተልኮላቸው ነበር። ሊንኩን ሲከፍቱ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን አዘምኑ ይላቸዋል፤ የሚወርደው ግን የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ያ ማዘመኛ ከነጭራሹ ሐሰት ነው፤ የተጠቀመበት እምነት ግን ያው ነው።

ሙያው ወሰን አለው። በዚያው ዓመት በጁን ወር ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር ዩክሬን ውስጥ የተስፋፋው ኤም ኢ ዶክ በተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር ማዘመኛ በኩል ነበር። ሰርጎ ገቦቹ የኩባንያውን የራሱን ሰርቨር ይዘውት ስለነበር፣ አድራሻ ማንበብ ብቻውን ማንንም ባላዳነ። የመርከብ ድርጅቱ ማርስክ ጉዳቱን እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ይህን ሰምታችሁ ግን ማዘመን እንዳታቆሙ አደራ፤ አሮጌ ሶፍትዌር የታወቁ ቀዳዳዎቹን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ደካማ መስመር ካገኛችሁ አውቶማቲክ ማዘመኛውን አጥፉና አዲሱን ስሪት ከሠሪው ኤችቲቲፒኤስ ገጽ ራሳችሁ አውርዱ። ለሠሪውም የስሪት ቁጥሩንና ያያችሁትን አድራሻ ጨምራችሁ ጻፉለት።