ስለ ነጋዴዪቱ ኸዲጃና ስለ «ቢሆን ኖሮ» ጥያቄ
(በቡላኦስ፥ ጅቡቲ፥ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ብዙ የታሪክ መምህራን የማይወዱት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «እንዲህ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» የሚለው ነው። ያልተደረገውን መመርመር ከንቱ ድካም ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጥያቄው በልክ ከተያዘ ለተማሪ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ በታሪክ ውስጥ ማን ምን ያህል ሸክም እንደ ተሸከመ የሚገለጠው ያንን ሰው ለጥቂት ጊዜ ከስፍራው አንሥተን ስናይ ነውና። ለምሳሌ የመረጥኋት የመካ ነጋዴ የነበረችውን የኹወይሊድን ልጅ ኸዲጃን ነው።

መካ እርሻ የማይበቅልባት ሸለቆ ስለ ነበረች የቁረይሽ ሰዎች በንግድ ይኖሩ ነበር፤ በብርዱ ወራት ወደ የመን፥ በሙቀቱ ወራት ወደ ሶርያ ቅፍለት ይልካሉ። ኸዲጃ ከቅፍለቱ ጋር አትጓዝም ነበር። ገንዘቧን ለታመነ ሰው ትሰጣለች፤ እርሱም ነግዶ ሲመለስ ትርፉን በውል ይካፈላሉ። ይህ ልማድ በኋላ በእስልምና የንግድ ሕግ ሙዳረባ ተብሎ ታውቋል። በጅቡቲ መንገድ ዳር ተቀምጠው ገንዘብ የሚመነዝሩትንና ጫት የሚሸጡትን ሴቶች በየቀኑ የሚያዩ ልጆች ሴት የንግድ ባለቤት ነበረች ሲባሉ የሚደነቁ አይመስለኝም። ሙሐመድንም ወደ ሶርያ የላከቻቸው አገልጋይዋን መይሰራን አስከትላ ነው። በ595 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ገደማ ለጋብቻ የጠየቀችውም እርሷ ናት። ያን ጊዜ 40 ዓመቷ ነበር የሚለው ወሬ ይበልጥ የታወቀ ቢሆንም፥ 28 የሚሉም አሉ፤ በዚህ መከራከር ግን ብዙ የሚያተርፍ አይደለም።

በ610 ዓ.ም. ነቢዩ ከሒራ ዋሻ እየተንቀጠቀጡ ሲመለሱ ያጽናናቻቸው፥ ከሁሉ አስቀድማም ያመነቻቸው እርሷ ናት። ክርስቲያንና መጽሐፍ አዋቂ ወደ ነበረው ወደ አጎቷ ልጅ ወደ ወረቃም ጉዳዩን አድርሳለች።

ስለ ቀጣዩ ዘመን ስናስተምር ግን ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ንጉሡ ብቻ ነው። በ615 ዓ.ም. ከሹዐይባ ወደብ በሁለት የንግድ መርከቦች ተሳፍረው ወደ ሐበሻ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የኸዲጃ ልጅ ሩቅያ ከባሏ ከዑስማን ጋር ነበረች። ኢትዮጵያዊ ተማሪ የነጃሺን ፍርድ ያውቃል፤ የትግራይን ነጋሽን ያውቃል። ልጇን ወደ ባሕሩ ማዶ ሸኝታ በመካ የቀረችውን እናት ግን ማን ነገረው?

በመካ የቀሩት ደግሞ መከራ ጠበቃቸው። ቁረይሾች ከሃሺም ቤተ ሰብ ጋር እንዳይጋቡና እንዳይገበያዩ ተማማሉ። ባለጸጋዪቱም ከተከለከሉት ጋር በሸለቆው ተዘግታ ተቀመጠች። የወንድሟ ልጅ ሐኪም ስንዴ ሊያደርስላት ሲሄድ አቡ ጀህል በመንገድ ያዘው፤ ሌላ የቁረይሽ ሰው ግን «የአክስቱን እህል ለአክስቱ ቢወስድ ምን ቸገረህ» ብሎ ተከራከረለት ይባላል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው፤ በእህል ክልከላ ላይ የመጀመሪያውን ስንጥቅ ካሳዩት ነገሮች አንዱ የአንዲት ነጋዴ ሴት ዝምድና ነበረ።

እገዳው ከተነሣ በኋላ በ619 ዓ.ም. ኸዲጃ ሞተች፤ በዚያው ዓመት አቡ ጣሊብም ሞተ። ነቢዩ ወደ ጣኢፍ ሄዱ፥ ተባረሩ፤ በ622 ዓ.ም. ወደ መዲና ተሰደዱ።

እንግዲህ ኸዲጃ 3 ዓመት ቀድማ ብትሞት ኖሮስ? ስደቱ በሙሉ ወደ ሐበሻ በዞረ፥ የእስልምናም ታሪክ በዚህ ባሕር ዳር በተጀመረ ነበር የሚል ተማሪ ይኖራል። እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ ወደ መዲና የጠሯቸው የመዲና ሰዎች ናቸውና፥ የእነርሱ የእርስ በርስ ጠብና ዳኛ ፍለጋ በመካ በሆነው ብቻ አይወሰንም። ነገር ግን ከባለጸጋዪቱ ሀብትና ዝምድና ውጭ የሸለቆው ሰዎች እስከ ጊዜው ለመቈየት ምን ይዘው ነበር? ለዚህ የሚጽፈውን መልስ ከአባቶች ወሬ እያጣቀሰ ማስረዳት የቻለ ተማሪ፥ እስላምም ሆነ ክርስቲያን፥ ሙሉ ማርክ ይገባዋል።