ከክትባት በኋላ ብብት ሲያብጥ፦ አልትራሳውንድ መቼ ያስፈልጋል?

በሞጆ ደረቅ ወደብ ለአሽከርካሪዎችና ለወደቡ ሠራተኞች የቀረበ የጤና ትምህርት ንግግር



የዛሬው ርእሳችን አንዲት ትንሽ እብጠት ናት። የኮቪድ-19 ክትባት ከወሰዱ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ከሁለት እስከ አራት ባሉት ቀናት ውስጥ በተወጉበት ክንድ በኩል ብብታቸው ያብጣል፤ አልፎ አልፎም ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ በሚወስደው ጎድጓዳ ስፍራ እንደ ባቄላ ፍሬ ያለ ነገር ይዳስሳሉ። ሕዝባችን ይህን ንፍፊት ይለዋል። በሽታው በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን ክትባቱ የተጀመረው ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ክንድ ሕመምና ስለ ትኩሳት ብዙ ተነግሯል። ስለ ንፍፊት ግን የተነገረው ጥቂት በመሆኑ ክፍተቱን ወሬ ሞልቶታል። አንዱ «ክትባቱ ካንሰር አመጣብኝ» ብሎ ቀሪውን ክትባት ይተዋል፤ ሌላው ከወራት በፊት የጀመረውን እብጠት «የክትባቱ ነው» እያለ በሽታውን ያስታምማል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ አንድ ቃል ላጥራ። የሊምፍ ዕጢ ስል ካንሰር ማለቴ አይደለም። ሁላችንም ስንወለድ ጀምሮ በአንገታችን፣ በብብታችን፣ በብሽሽታችንና በሆዳችን ውስጥ የምንሸከማቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የመከላከያ ጣቢያዎች ናቸው።

ሥራቸውን ለእናንተ ማስረዳት ይቀለኛል። ዕቃ ከመርከብ የሚወርደው በጅቡቲ ነው፤ ሰነዱ ተመርምሮ፣ ዕቃው ተፈትሾ ለባለቤቱ የሚለቀቀው ግን እዚህ ነው። ክትባትም እንዲሁ ነው። መርፌው የሚያርፈው በክንድ ጡንቻ ላይ ሲሆን ፍተሻው የሚካሄደው በብብት ነው። የመከላከያ ሕዋሳት ከክንድ ያነሡትን የክትባት ምልክት ተሸክመው በቅርብ ወዳለው ዕጢ ይገባሉ። እዚያ ያሉት ሕዋሳትም ምልክቱን አይተው በፍጥነት ይራባሉ፤ ፀረ እንግዳ አካል ማምረትም ይማራሉ። በአንድ ሳምንት ብዙ መርከብ ሲራገፍ ይህ ግቢ በኮንቴይነር እንደሚጨናነቅ ሁሉ ዕጢውም ይሞላል፣ ያብጣል፣ ሲነካም ያማል። ግቢው የሞላው ሥራ ስላለ ነው።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፋይዘርን ክትባት ከወሰዱ 14 ፈቃደኞች ብብት በአልትራሳውንድ እየተመሩ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ከሁለተኛው ክትባት 12 ሳምንታት በኋላም የዕጢው «የሥልጠና ክፍል» በሥራ ላይ እንደነበረ አሳይተዋል። እብጠቱ በእጅ የማይዳሰስ ሆኖ ሳለ በአልትራሳውንድ ለረጅም ጊዜ የሚታየውም ስለዚህ ነው።

ምን ያህል ሰው ላይ ይከሰታል? በፋይዘር ዋና ሙከራ በእያንዳንዱ ወገን ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩ፤ የዕጢ እብጠት ያመለከቱት ከተከተቡት 64፣ ባዶ መርፌ ከተወጉት ደግሞ 6 ናቸው። ሞደርና ግን ተሳታፊዎቹን ስለ ብብት በቀጥታ ስለ ጠየቃቸው ብብታቸውን ያመማቸው ወይም ያበጠባቸው ከመቶ ከ10 በላይ ሆነው ተገኙ። ሰው ካልተጠየቀ አይናገርም። በአገራችን በስፋት በተሰጠው በአስትራዜኔካ ክትባትም ይህ እብጠት ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ግን የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። እናቶችም ቢሆኑ ለነገሩ እንግዳ አይደሉም፤ ሕፃናት ሲወለዱ የሚወስዱት የቢሲጂ ክትባት አንዳንድ ጊዜ በዚያው ክንድ በኩል ብብትን ያሳብጣል።

አሁን ወደ አልትራሳውንድ ልለፍ። ነፍሰ ጡር እናቶች የሚታዩበት ያው መሣሪያ ነው። ጨረር የለውም። ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ ተመልሶ ከሚመጣውም ማሚቶ ምስል ይሠራል። ጤናማ ዕጢ በምስሉ ላይ ሞላላ ሆኖ፣ እንደ ባቄላ አንድ ጎኑ ገባ ብሎ፣ መካከሉ በስብ የተነሣ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከክትባት በኋላ ያበጠውም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ መልኩን ይዞ ዙሪያው ብቻ ወፍሮ ይገኛል። ባለሙያውን የሚያጠራጥረው ዕጢው እንደ ኳስ ሲከብብ፣ የመካከሉ ነጭ ሲጠፋ፣ ጠርዙ ሲዘበራረቅ፣ ወይም ብዙ ዕጢዎች እርስ በርስ ተጣብቀው ውስጣቸው ሲፈርስ ነው። ይሁን እንጂ የክትባት እብጠትም አንዳንዴ የሚያጠራጥር መልክ ይይዛል። ስለዚህ አልትራሳውንድ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ሲያስፈልግ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል።

እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ በአሜሪካ የጡት ምርመራ ማዕከላት የደረሰውም ይህ ነው። ከተከተቡ ሴቶች ብብት ውስጥ ያበጡ ዕጢዎች በብዛት ሲታዩ የሙያ ማኅበራቸው መደበኛ ምርመራ ከክትባቱ በፊት ወይም ከሁለተኛው ክትባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ እንዲሆን መከረ። ቆይቶ ግን ክትባት ምርመራን ሊያዘገይ እንደማይገባ ተናገረ። ባለሙያዎቹ ችግሩን ያቃለሉት አዲስ መሣሪያ ገዝተው አይደለም፤ እያንዳንዷን ታካሚ «መቼ ተከተብሽ? በየትኛው ክንድ?» ብለው መጠየቅ በመጀመራቸው ነው።

ስለዚህ በተከተባችሁበት ክንድ በኩል ብቻ የወጣ፣ ክትባቱን ተከትሎ በቀናት ውስጥ የጀመረ፣ እየቀነሰ የሚሄድ እብጠት ከሆነ ወዲያው ለአልትራሳውንድ ገንዘብ ማውጣት፣ በእኔ ሙያዊ እምነት፣ አስፈላጊ አይደለም። ብዙውን ጊዜ በአንድና ሁለት ሳምንት ይቀንሳል። ሕመሙ ካስቸገራችሁ ፓራሲታሞል ይበቃል። አትሹት፣ አታስተኩሱት፣ በምላጭም አታስበጡት። ከመንገድ ዳር መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም ምንም አይጠቅምም።

እየጨመረ ከሄደ ወይም በስድስት ሳምንት ካልጠፋ ግን ታዩ።

ቀደም ሲል ወዳሳሰበኝ ነገር ልመለስ። አገራችን የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ጫና ከፍተኛ ከሆነባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ከሳንባ ውጭ የሚከሰተው ቲቢ በኢትዮጵያ ብዙ ሲሆን በዋነኛነት የሚያጠቃውም የሊምፍ ዕጢን፣ ይልቁንም የአንገትን ነው። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ሰውም በዚህ ይታለላል። እብጠቱ ከክትባቱ በፊት የነበረ ከሆነ፣ ካልተወጋችሁበት ወገን ወይም ከሁለቱም ጎን ከወጣ፣ ድንጋይ የመሰለ ጠንካራ ከሆነ፣ ወይም ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ከተጨመረበት ስድስት ሳምንት አትጠብቁ። ጡት ውስጥ የሚዳሰስ ነገር ያላት ሴትም አንድ ቀን አትዘግይ። ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ለዕጢ ቲቢ በአብዛኛው ስድስት ወር ነው። ጠዋት ጅቡቲ፣ ማታ ሚሌ ለሚያድር ሰው ስድስት ወር መድኃኒት መከታተል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሥራችሁን ለጤና ባለሙያው አስቀድማችሁ ብትነግሩት ግን በጉዟችሁ ልክ ሊያዘጋጅላችሁ ይችላል።

የክትባት ካርዳችሁን ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር ያዙ። ካርዱ ቀኑን ይነግራል፤ ክንዱን ግን ላይጽፍ ይችላልና ሲወጉ «ግራ» ወይም «ቀኝ» አስብላችሁ አስጽፉ። በአዳማም ሆነ በአዋሽ ወደ ሐኪም ብትገቡ ይህቺ አንዲት ቃል ከብዙ ምርመራ ታድናችኋለች። በአንድ ጡቷ ካንሰር ታክማ የነበረች ሴት ደግሞ ክትባቱን በሌላው ክንዷ እንዲሰጧት ትጠይቅ። መንገድ ላይ ሆናችሁ ጥያቄ ቢኖራችሁ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 መደወል ትችላላችሁ።

አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ። በሰው ፊት መናገር የማይፈልግ ካለ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ እቆያለሁ።