በጣት ጫፍ የሚገኝ ገንዘብ

የዛሬው ወጋችን «ይህን ንኩ፣ ያንን ተመልከቱ፣ ጓደኛ ጋብዙ፣ እንከፍላችኋለን» ስለሚሉን የስልክ መተግበሪያዎች ነው። እውነት ይከፍላሉ ወይ? ቢከፍሉስ ለምንሰጣቸው ጊዜ የሚመጥን ነው ወይ?

መልሱን ለማግኘት የ2016ን ክረምት ማስታወስ ይበቃናል። ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ በረንዳ ላይ፣ ዶርም ውስጥ የስንቱ ወጣት ጣት የስልክ መስታወት ሲመታ ይውል ነበር! ጨዋታው ሃምስተር ኮምባት ይባላል፤ የሚሠራውም በቴሌግራም ላይ ነው። በንክኪ ሳንቲም ይጠራቀም፣ በሳንቲሙ ካርድ ይገዛ፣ ካርዱ ደግሞ በየሰዓቱ የሚገባውን ትርፍ ያሳድግ ነበር። የዕለቱን «ኮምቦ»፣ ማለትም ሦስቱን የተመረጡ ካርዶች ላገኘ፣ 5 ሚሊዮን ሳንቲም ይመረቅለት ነበር። ያንን ኮምቦ ፍለጋ ማልዶ ከእንቅልፉ የሚነሳ ልጅ ብዙ ነበር።

እነዚህን ልጆች ሰነፎች ያላቸው ሰው ተሳስቷል። ያመኑትም በባዶ ሜዳ አልነበረም። ከሃምስተር በፊት የመጣው ተመሳሳይ ጨዋታ፣ ኖትኮይን፣ በግንቦት 8 ቀን 2016 ገበያ ላይ ሲውል ለወራት ሲነኩ የቆዩ ሰዎች እውነተኛ ገንዘብ አግኝተዋል። ጓደኛው ሲያገኝ ያየ ወጣት፣ ያውም ሥራ ፈልጎ ያጣ ወጣት፣ «ቀጣዩ እኔ ነኝ» ቢል ምን ይፈረድበታል? ችግሩ ይህንኑ ያለው ሰው መብዛቱ ነው። ኖትኮይንን 35 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲጫወተው፣ የሃምስተር አዘጋጆች ግን 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለን እስከማለት ደርሰው ነበር።

የሃምስተር ክፍያ፣ ቶክን በሚባል ዲጂታል ገንዘብ፣ የተለቀቀው መስከረም 16 ቀን 2017፣ በደመራ ዕለት ነው። ድርሻ የደረሳቸው 131 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው። አንዱ ቶክን ገበያውን የጀመረው በአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ሲሆን፣ በቀናት ውስጥ ከዚያም በታች ወረደ። ከድርሻቸው 11 ከመቶ ያህሉ ደግሞ ወዲያው አልተሰጣቸውም፤ ለአሥር ወራት ተቆልፎ እንዲቆይ ተደረገ። 2.3 ሚሊዮን ሰዎች «አጭበርብራችኋል» ተብለው ተሰረዙ።

እስቲ አብረን እናስላ። ከመጋቢት እስከ መስከረም፣ ስድስት ወር ሙሉ በቀን አንድ ሰዓት የሰጠ ሰው 180 ሰዓት ሠርቷል። አሥር ዶላር ደረሰው እንበል። ያኔ አንድ ዶላር ከ110 ብር ትንሽ ከፍ ይል ነበርና በእጁ የገባው 1,100 ብር ገደማ ነው። ለሰዓት ሲካፈል ስድስት ብር ይሆናል። የዳታ ጥቅሉ ሲቀነስ ምን ይተርፋል?

ተጫዋቹ በሰዓት ስድስት ብር ሲያገኝ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ መሰብሰቡ ለሌላ ወገን ትልቅ ሀብት ነበር። ጨዋታው «ይህን ቪዲዮ ተመልከት፣ ያንን ቻናል ተቀላቀል» እያለ ያዝዝ ስለነበር የዩቲዩብ ቻናሉ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተከታይ አፍርቷል። የዚህ ንግድ ሸቀጥ የእኛ ዓይን ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪ የሚከፍለው ለዚያ ዓይን ነው፤ ወደ እኛ የምትደርሰው ፍርፋሪ ናት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ልፋትና ክፍያ አለመገናኘታቸው ነው። በነሐሴ 2016 የመጣው ዶግስ የተባለ ሌላ ቶክን ለሰዎች ያከፋፈለው በቴሌግራም አካውንታቸው ዕድሜ እየለካ ነበር። አካውንቱን ቀድሞ የከፈተ ምንም ሳይደክም በለጠ። የቀን ሠራተኛ እንኳ ጠዋት ተስማምቶ ነው አካፋ የሚያነሳው። እዚህ ግን ስንት እንደሚከፈል፣ በምን መለኪያና መቼ እንደሚከፈል የሚወስነው ከፋዩ ብቻ ነው፤ ያውም ሥራው ካለቀ በኋላ።

ሁሉም ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የገበያ ደረሰኛቸውን በስልክ አንስተው ነጥብ የሚሰበስቡበት ፌች የሚባል መተግበሪያ አለ፤ 1,000 ነጥብ አንድ ዶላር ገደማ ይሆናል። ምን እንደገዙ መረጃ አሳልፈው እየሰጡ መሆኑን እስካወቁ ድረስ፣ ለማንኛውም ለገዙት ዕቃ ጥቂት ሰከንድ ማውጣት አይጎዳም። ሰከንዱ ወደ ሰዓት ሲያድግ ነው ሒሳቡ የሚበላሸው።

ሁለት ነገር ግን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ «ደረጃህን ለማሳደግ መጀመሪያ ገንዘብ አስገባ» የሚላችሁን፣ የቴሌብር የይለፍ ቁጥራችሁን ወይም ቶክን የምታስቀምጡበትን ዋሌት ምስጢራዊ ቃላት የሚጠይቃችሁን ወዲያው ዝጉት። ሁለተኛ፣ ብሔራዊ ባንክ እንደ ቶክን ባለ ዲጂታል ገንዘብ፣ በክሪፕቶ፣ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን በ2014 አስታውቋል። ስለዚህ ቶክን ሸጦ ወደ ብር ሲቀይር የተጭበረበረ ሰው አቤት የሚልበት ደጃፍ ይጠበዋል።

ለዚያ ሁሉ ሰዓት የተሻለ ቦታም ነበር፤ ሃምስተር በተጧጧፈበት በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ 2016፣ «5 ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደሮች» የተባለው የነጻ ሥልጠና ተጀመረ። በኢንተርኔት የሚሰጥ የፕሮግራሚንግና የዳታ ትምህርት ነው። የምስክር ወረቀቱ ብቻውን ሥራ ያስቀጥራል ብዬ ተስፋ አልሸጥላችሁም። ነገር ግን 180 ሰዓት የተማረ ሰው፣ ገበያ ቢወርድ ቢወጣ የማይቆለፍበት ዕውቀት ይኖረዋል።

እናንት ወጣቶች፣ ትዕግሥታችሁንና ትጋታችሁን አይተናል። ቀን ከቀን ሳትሰለቹ መሥራት እንደምትችሉ አስመስክራችኋል። ቀጣዩ ጨዋታ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ከመንካታችሁ በፊት ከፋዩ ማን እንደሆነና ለሰዓት ስንት እንደሚደርሳችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ጊዜያችሁን አትስጡት። እናንት ወላጆችም፣ ልጃችሁን ስልክ ላይ ስታገኙት ከመቆጣታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡና አብራችሁት አስሉ።