ተሰርቆ የተገኘ ባጃጅና የኢንሹራንስ ወረቀቱ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለንግግር የሚመረጥ አይመስልም። ስለ ሥልጣኔ ወይም ስለ ሥነ ጽሑፍ እንሰማለን ብላችሁ የመጣችሁ ይቅርታ ታደርጉልን ዘንድ እንለምናለን። የምንነግራችሁ ስለ አንድ ባጃጅ ነው። ባጃጁ ከመካከላችን የአንዱን ወንድማችንን ቤተ ሰብ የሚያበላ፥ የእሱንም የደብተርና የቤት ኪራይ የሚችል ስለ ነበር ነገሩን እንደ ቀላል ልናየው አልቻልንም።

ወለቃን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዙ የምትገኝ፥ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩባት የነበረች፥ በሸክላ ሥራ ስሟ የተጠራ መንደር ናት። ባጃጁ ባለፈው ክረምት በዚያው በወለቃ ከግቢ በር ላይ በሌሊት ጠፋ። በአሥራ አንደኛው ቀን ተገኘ። ተገኘ ሲባል ግን ምኑ ተገኘ? ጎማ የለው፥ ባትሪ የለው፤ ሸራው ተቀዷል፤ ሞተሩም ግማሹ ተፈትቶ ተወስዷል። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ተገኘ!» ሲል የወንድማችን አባት ግን ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ዝም ብለው ያዩት ነበር።

እኛ ደግሞ ኢንሹራንስ አለው ሲባል ሰምተን ስለ ነበር ነገሩ ያለቀ መሰለን።

በመጀመሪያ ደረጃ፥ የትኛው ኢንሹራንስ? በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው እንጂ ለባለቤቱ ንብረት አይደለም። በመስተዋት ላይ የምትለጠፈውን ወረቀት እያየ «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሌባ ሲመጣበት ግን ያቺ ወረቀት አንድ ሳንቲም አታመጣለትም። ደግነቱ አባታችን ስርቆትን የሚጨምረውን ሽፋን ገዝተው ነበር።

ሁለተኛው ችግር የመጣው ከፖሊስ ማስረጃው ነው። ባጃጁ በጠፋ ዕለት አንድ ጎረቤት ምንም ሳያይ «ታጣቂዎች ናቸው የወሰዱት» ብሎ ስለ ተናገረ ቃሉ እንዳለ ተጻፈ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የሆነውን የሚያውቅ ሰው ጎረቤቱን አይፈርድበትም። ይሁን እንጂ በተለመደው የተሽከርካሪ መድን ውል ውስጥ ጦርነት፥ ዐመፅና ሁከት ከሽፋኑ ውጭ ናቸው፤ እነዚህን የሚሸፍን ውል ለብቻው በተጨማሪ ዐረቦን ይገዛል። ስለዚህ በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ኩባንያው «ይህ ስርቆት አይደለም» ብሎ ሁለት ወር ያህል አመላለሰን። በመጨረሻ ዕቃውን ሲሸጡ የተያዙት ሰዎች ተራ ሌቦች መሆናቸው ስለ ታወቀ ማስረጃው ታረመ። ባይያዙስ ኖሮ?

እዚህ ላይ ባጃጃቸውን ለሾፌር ሰጥተው ዕለታዊ ገቢ የሚቀበሉ ቤተ ሰቦች ያሏችሁ ጓደኞቻችን ልብ በሉ። ሾፌሩ ራሱ ይዞት ቢጠፋ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነገሩ እምነት ማጉደል እንጂ ስርቆት ላይባል ይችላል። ውሉ ስርቆትን ብቻ የሚል ከሆነ ክርክር ይነሣል።

ሦስተኛው ጥፋት የእኛው ነው፤ አንደብቀውም። ፖሊስ በኤግዚቢትነት ይዞት የነበረውን ባጃጅ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ተመሳክሮ ሲለቅልን፥ በደስታ እየገፋን በቀጥታ ጋራዥ አስገባነው። መካኒኩም እኛን ለመርዳት ብሎ በዚያው ቀን መፍታት ጀመረ። የኩባንያው ጉዳት ገማች በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ሌባው የፈታውንና መካኒኩ የፈታውን መለየት አልቻለም። «ያላየሁትን አልጽፍም» አለ። በሰውየው ተናደድን፤ ቆይተን ስናስበው ግን እውነት ነበረው። ከሞተሩ ዕቃ ብዙው ሳይቈጠር ቀረ። መነካት ያልነበረበት ነገር ነው፤ ቢያንስ ፎቶግራፍ ማንሣት አላቃተንም ነበር።

ስለ ገንዘቡም እንናገር። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የኢንሹራንስ ጉዳይ ዛሬም የሚተዳደረው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በቁጥር 678 መሠረት ካሳው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ አይበልጥም። ይህ ተገቢ ነው፤ ሰው በመሰረቁ ሊያተርፍ አይገባውም። ነገር ግን የተገላቢጦሹም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የተሽከርካሪውም የመለዋወጫውም ዋጋ ወደ ላይ ወጥቷል፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን ካልታደሰ የድሮው ነው። ለምሳሌ 400 ሺህ ብር የሚያወጣው ባጃጅ በ200 ሺህ ብር ተመዝግቦ ከሆነ፥ የ100 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት ኩባንያው ግማሹን 50 ሺህ ብር ብቻ ያስባል። ከዚያም ላይ የእርጅና ቅናሽ አለ፤ ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ድርሻ አለ። ብዙ ሰው «200 ሺህ ድረስ ይከፍሉኛል» ብሎ ሲያስብ የሚደናገረው በዚህ ነው።

ካሳው ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ በኋላ የሚገኝ ተሽከርካሪ ደግሞ ወደ ኩባንያው ይሄዳል፤ ኩባንያውም ብዙ ጊዜ በጨረታ ይሸጠዋል። ከክፍያ በፊት ከተገኘ ግን ጥያቄው ወደ ጥገና ይለወጣል፤ የእኛም ጉዳይ እንዲህ ሆነ። አልስማማም የሚል ሰው ክስ ማቅረቢያው ጊዜ በዚያው ሕግ በቁጥር 674 ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን ይወቅ። በቢሮ ደጃፍ «ነገ ተመለስ» እየተባለ ሁለት ዓመት ማለፉ የማይመስል ነገር አይደለም።

አባታችን የጎደለውን የሞሉት አንዲት ጊደር ሸጠው ነው። ባጃጁ አሁን ከወለቃ ጎንደር ይመላለሳል፤ ሞተሩ ግን ዳገት ላይ ያጓራል። ውሉ የሚታደስበት ቀን ስለ ደረሰ በመጪው ቅዳሜ ወለቃ ሄደን የተጻፈውን ዋጋ ከአባታችን ጋር እናያለን። በቤቱ እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው ጓደኛ ቢኖር ይዞ ይምጣ፤ የሕግ ተማሪዎቻችንም አብረውን ይወርዳሉ። የደቃቁ ጽሑፍ ነገር ስለ ሆነ መነጽር ያላችሁ መነጽራችሁን አትርሱ።