ገጽን ማወቅ፦ ከአሮጌ መኪና ስለሚላቀቀው ከፈፍና ስለ ማጣበቅ ሳይንስ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቦ ፈገግ ያለ ሰው በአዳራሹ ውስጥ እንደሚኖር እገምታለሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም በዚህ ትንሽ ነገር ውስጥ በክፍል የምናስተምረው የገጽ ኬሚስትሪና የቁሶች መካኒክስ ተጠቃልሎ ይገኛል።

በአሮጌ መኪና በሮች ጎን ላይ ተለጥፎ የሚገኘውን፣ ላሜራውን ከአጠገብ መኪና ግጭት የሚከላከለውንና ለመኪናውም መልክ የሚሰጠውን ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ ለዛሬ «ከፈፍ» እለዋለሁ፤ ገበያው «ሞልዲንግ» ይለዋል። ዓመታት ሲያልፉ ጫፉ ይነሣል፣ የእጥበት ውኃና አቧራ ይገባበታል፣ በመጨረሻም ይንጠለጠላል። ባለመኪናው ያን ጊዜ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣል፦ ገንጥሎ ይጥለዋል፣ በሱፐር ግሉ ይለጥፈዋል፣ ወይም ላሜራውን አስበስቶ በብሎን ያሳስረዋል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቁት ቀለሙና ከቀለሙ ሥር ያለው ሽፋን ናቸው፤ መሰርሰሪያው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይበሳል። በከፈፉ ጀርባ የሚታቆረው እርጥበት ደግሞ ዝገቱን ከዓይን ሰውሮ ያሳድገዋል። ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ የሚጠገነው ከፈፉ ሳይሆን ስፖርቴሎው ራሱ ይሆናል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን መኪናዎች ዕድሜ ማራዘም ከምርጫ አልፎ ግዴታ ሆኗል። ለ30 ዓመት መኪና ትክክለኛውን ከፈፍ ሶማሌ ተራ ዞሮ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ያለውን መልሶ በአግባቡ መለጠፍ ሊታወቅ የሚገባው ሙያ ነው።

ከገጹ ልጀምር። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ በ1805 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ አንድ ፈሳሽ በጠጣር ገጽ ላይ የሚይዘው ማዕዘን በገጾቹ መካከል ያሉትን ኃይሎች ሚዛን ይገልጻል። ማጣበቂያም ሥራውን የሚጀምረው በገጹ ላይ በመንጣለል ነው፤ ካልተንጣለለ አይነካም፣ ካልነካ አይይዝም። በሰም የተወለወለ ላሜራ ላይ ውኃ ስትረጩ ጠብታዎቹ ድቡልቡል ሆነው ይንከባለላሉ። በዚያ ገጽ ላይ የሚለጠፍ ማጣበቂያ የሚይዘው ሰሙን እንጂ መኪናውን አይደለም። የከፈፉ ጀርባም የራሱ ጠባይ አለው። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ የገጽ ኃይሉ በካሬ ሜትር 30 ሚሊጁል ገደማ ብቻ ስለሆነ ለማጣበቂያ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ለእርሱ የተዘጋጀ ፕራይመር ያስፈልገዋል። በፒቪሲ ከተሠራ ደግሞ፣ ፕላስቲኩን ለማለስለስ የተጨመረው ቅባት መሰል ንጥረ ነገር በጊዜ ብዛት ወደ ገጹ እየወጣ ማጣበቂያውን ያላላዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው እንቅስቃሴ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ንጋት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል። ያው መኪና ጥቁር ከሆነና እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ካገኘው የላሜራው ሙቀት 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛውን ያህል ይለጠጣል፤ ጠንካራ ፒቪሲ 70 ሚሊዮንኛ ገደማ። አንድ ሜትር ከፈፍ በ50 ዲግሪ ልዩነት በነጻ ቢለቀቅ 3.5 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ግን 0.6 ሚሊሜትር ብቻ። ልዩነቱ 2.9 ሚሊሜትር ነው። ይህ ጉተታ በየቀኑ ይደጋገማል።

ሱፐር ግሉ የሚሸነፈው በዚህ ነው። የዚህ ማጣበቂያ መሠረት የሆነው ሳያኖአክሪሌት በ1942 እ.ኤ.አ. በሃሪ ኩቨር የምርምር ቡድን እጅ የገባ፣ ከ1958 ጀምሮም ለገበያ የቀረበ ነው። በቀጥታ ሲስቡት እጅግ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ደረቅና ቀጭን ይሆናል። ሁለቱ ቁሶች ሲጓተቱ እርሱ መካከል ገብቶ አብሮ መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። በገበያ «ደብል ሳይድ» ከሚባሉት መካከል ለመኪና ውጫዊ ክፍል የተሠራው የአክሪሊክ ፎም ፕላስተር ግን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ላስቲክ መሰል ነው። ከፈፉ ሲረዝም አብሮት ያዘነብላል፣ ሲያጥርም ይመለሳል። በዚህ ሥራ ላይ ልስላሴ ራሱ ጥንካሬ ነው።

የኃይሉ አቅጣጫም መታየት አለበት። በጠቅላላው ገጽ ላይ የሚያርፍ ኃይል ለሁሉም ክፍል ይከፋፈላል። ከጫፍ የሚልጥ ኃይል ግን በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ይከማቻል። ከፈፍ ሁልጊዜ ከጫፉ የሚነሣው ለዚህ ነው። የጠመመ ከፈፍ እንደ ሞላ ሆኖ ራሱን በራሱ ይልጣል፤ ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት በለብታ ሙቀት ከበሩ ቅርጽ ጋር መስማማት አለበት። ፕላስተሩም እስከ ጫፎቹ ድረስ መዝለቅ ይኖርበታል።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል አጭር ነው። በግማሽ የተላቀቀውን ከፈፍ በፀጉር ማድረቂያ ካሞቃችሁ በኋላ በናይለን የዓሣ ማጥመጃ ክር እንደ መጋዝ እየሳባችሁ ለዩት፤ ቢላዋ ቀለሙን ይጭራል። ከማንሣታችሁ በፊት የነበረበትን መስመር በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ። የአሮጌውን ሙጫ ቅሪት ከሁለቱም ገጽ ፈጽማችሁ አስወግዱ፤ በአሮጌ ላይ አዲስ መደረብ የአሮጌውን ድክመት መውረስ ነው። በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ ከውኃ ጋር እኩል በተቀላቀለ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉት፤ በራሱ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። በጋራዦቻችን የተለመደው ቤንዚን ቅባት ትቶ ስለሚያልፍ፣ ለእሳትም አደገኛ ስለሆነ አይመከርም። ካጸዳችሁ በኋላ ገጹን በጣት አትንኩት።

የመለጠፊያው ሰዓት ረፋድ ይሁን፤ ቦታውም ጥላ። ፕላስተሩ ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደንብ ይንጣለላል፤ በብርድ ግን ይደርቃል። ለጥፋችሁ ስታበቁ ከዳር እስከ ዳር በጥብቅ ተጫኑት፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ግፊት ይበቃዋል። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ከሙሉ ጥንካሬው ግማሽ ያህሉን፣ በ24 ሰዓት 90 በመቶውን፣ በ72 ሰዓት ሙሉውን ያገኛል። በእነዚህ ሦስት ቀናት መኪናው አይታጠብ። ባለመኪናው እንዲቸኩል የሚገፋፋው ከፈፉ ወዲያው የያዘ መምሰሉ ነው፤ ነገር ግን የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ማጣበቂያ ለሁሉም መልስ አይደለም። በጎዳናዎቻችን ላይ የምናያቸው አሮጌ ቮልስዋገኖች በጎናቸው ያለው የብረት ጌጥ የሚያዘው በክሊፕ ነው። የእርሱ ጥገና የተሰበረውን ክሊፕ መተካት ነው፤ በሙጫ መሸፈን ቀጣዩን ጠጋኝ ያስቸግራል። የመጀመሪያው ሠሪ ያሰበውን መረዳት ከጥገና ይቀድማል።

ተማሪዎቼ፣ ለመመረቂያ ሥራ ርእስ ለምትፈልጉ አንድ ሐሳብ ልተውላችሁ። የማጣበቂያ አምራቾች መመሪያ የሚጻፈው ለማንኛውም አገር ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የከተማችን ብርቱ ፀሐይና ቀዝቃዛ ሌሊት ግን የራሱ ጠባይ አለው። አንድ ቴርሞሜትር በአንድ ስፖርቴሎ ላይ አድርጋችሁ ዓመቱን ሙሉ መዝግቡ፤ ናሙናዎችንም አጠገቡ ለጥፋችሁ በየወሩ የመላጥ ጥንካሬያቸውን ለኩ። ውጤቱን ስታገኙ ዛሬ ከፊታችን ለተቀመጡት ባለጋራዦች በአማርኛ አድርሱላቸው፤ ላሜራ ለመብሳት መሰርሰሪያ የሚያነሣው እጅ ሌላ መንገድ መኖሩን በማስረጃ እንዲያውቅ።